«ጥሩ»፣ «ቆንጆ» እና «ትልቅ» የበዙበትን ጽሑፍ እንዴት እናርማለን?

ረቂቃቸውን እንዳይላቸው የሚልኩልኝ ሰዎች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ጥሩ»፣ «ቆንጆ»፣ «ትልቅ»፣ «ከባድ» እና «በጣም» ገጹን ሞልተውታል፤ በምን ልተካቸው? አብዛኞቹ የሚጠብቁት የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን ብሰጣቸው ግን በሚቀጥለው ረቂቅ «ጥሩ» የነበረው ሁሉ «ግሩም» ሆኖ ይመጣል፤ ቃሉ ተለወጠ እንጂ አንባቢው ያገኘው ተጨማሪ ነገር አይኖርም። ልክ የሆነ ቅጽል የሚገኘው ከሚገለጸው ነገር ውስጥ ስለሆነ፣ ይህ መመሪያ ከስሙ ተነሥቶ ወደ ቅጽሉ በሚሄድ ቅደም ተከተል ተዘጋጅቷል። ለሥራ ደብዳቤም፣ ለዜናም፣ ለማስታወቂያም፣ ለልብ ወለድም ያገለግላል።

ለሥራው የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ተጽፎ ያለቀ ረቂቅ። አንድ ወይም ሁለት ገጽ ቢሆን ይመረጣል። እየጻፉ ቃል መምረጥ ሐሳብን ስለሚያቋርጥ፣ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «ጥሩ» የፈለገውን ያህል ቢደጋገም ምንም አይደለም።
• ሁለት የተለያየ ቀለም ያላቸው እስክሪብቶዎች፣ ወይም በኮምፒውተር የሚሠሩ ከሆነ የመፈለጊያ ሳጥኑ።
• አንድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ ሥራም ሆነ በ1993 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ያገለግላል። ብዙዎቹ መዝገበ ቃላት ቅጽሎችን የሚያስቀምጡት በግሳቸው ሥር እንደሆነ ያስታውሱ፤ «ስለታም»ን የሚፈልግ ሰው «ሳለ» የሚለውን ግስ ይከፍታል። አንዳንዶቹ የቆዩ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ«አ በ ገ ደ» ተራ የተደረደሩ በመሆናቸው፣ ቃሉ ጠፋ ብለው ከመዝጋትዎ በፊት ተራውን ያረጋግጡ።
• አነስተኛ የማስታወሻ ደብተር።
• ጽሑፉን ጮክ ብሎ የሚያነብልዎ ሰው።

ከመጀመርዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባ ማስጠንቀቂያ

አንዳንድ ቦታ ላይ ቃሉ የተለመደ ቢመስልም መነካት የለበትም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ «ከባድ የአካል ጉዳት»ን እና «ቀላል የአካል ጉዳት»ን በተለያዩ አንቀጾች የሚደነግግ በመሆኑ፣ የፍርድ ቤት ዜና የሚጽፍ ሰው «ከባድ»ን ለማስዋብ ሲል «ጽኑ» ወይም «አስከፊ» ብሎ ቢለውጠው የክሱን ዓይነት ያደበዝዘዋል። በሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ቅጽ ላይ ያለው «በጣም ጥሩ» የደረጃ ስም ነው። «ከባድ መኪና» እና «ከባድ መሣሪያ» የነገሩ መጠሪያ ሆነዋል። ሌላ ሰው የተናገረውን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ካስገቡም ቃሉ የተናጋሪው ስለሆነ ማረም አይፈቀድም።

ደረጃ 1፦ ሳያርሙ ምልክት ብቻ ያድርጉ

ረቂቁን ከላይ እስከ ታች አንብበው እንደ «ጥሩ» እና «ትልቅ» ያሉትን ጠቅላላ ቅጽሎች በሙሉ በአንድ ቀለም ያስምሩባቸው፤ በዚህ ደረጃ አንዱንም አይለውጡ። ይህን የምመክረው የትኛው ቃል ልማድ እንደሆነብዎ በዐይንዎ እንዲያዩት ነው፤ «ቆንጆ» የሚበዛበት ጸሐፊ አለ፣ «ከባድ» የሚበዛበት ጸሐፊ አለ፤ የሁለቱ መድኃኒትም የተለያየ ነው።

በኮምፒውተር የሚፈልጉ ከሆነ የአማርኛ ቃል መጨረሻ እንደሚለዋወጥ አይዘንጉ። «ትልቅ» ብለው ቢፈልጉ «ትልቁ»ን፣ «ትልቋ»ን እና «ትላልቅ»ን አያገኙም፤ የመጨረሻው ፊደል ቅርጹን ስለቀየረ ለማሽኑ ሌላ ቃል ሆኗል። «ከባድ»ም እንዲሁ «ከባዱ»ን እና «ከባባድ»ን ያስመልጣል። እያንዳንዱን መልክ ለየብቻ ይፈልጉ። «ጥሩ» በአንጻሩ «ጥሩው»ንም «ጥሩነት»ንም ይዞ ይመጣል፤ ነገር ግን «ጥሩንባ»ንና «ጥሩወርቅ» የምትባለውን ባለታሪክዎንም አብሮ ይይዛል። ስለዚህም ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚተካውን ትእዛዝ ፈጽሞ አይጠቀሙ።

ደረጃ 2፦ በእያንዳንዱ ምልክት ጎን «በምኑ?» ብለው ይጠይቁ

ከሁሉም ደረጃዎች ዋናው ይህ ነው። «ጥሩ ጎረቤት» ብለው ከጻፉ፣ በምኑ ነው ጥሩ? ሲታመሙ የሚጠይቅ ነው? ቁልፍ የሚሰጠው ታማኝ ነው? ድምፅ የማያሰማ ጭምት ነው? መልሱን በሁለተኛው ቀለም በዳርቻው ላይ እንደመጣልዎ በተራ ቋንቋ ይጻፉ፤ ገና ቃል እየመረጡ አይደለም።

መልስ ካጡ ችግሩ የቃላት እጥረት አይደለም፤ ስለ ነገሩ የሚያውቁት አነስተኛ ነው። ያን ጊዜ ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ ሄደው አይተው ወይም ጠይቀው ይመለሳሉ፣ ወይ ቅጽሉን ይሰርዙታል። «ጥሩ ስብሰባ አደረግን» ከሚለው ውስጥ «ጥሩ» ቢወጣ ብዙ ጊዜ የሚጎድል ነገር የለም።

ደረጃ 3፦ ቅጽሉን በውስጡ የያዘ ስም እንዳለ ይፈትሹ

አማርኛ መጠንንና ጥራትን በስሙ ውስጥ የሚያስቀምጥባቸው ብዙ ቃላት አሉት፤ በተለይ ከእርሻ፣ ከከብት፣ ከአየር ጠባይና ከገበያ ጋር በተያያዘ። ኃይለኛ ዝናብ «ዶፍ»፣ ደቃቁ «ካፊያ» ነው። ትልቅ ድንጋይ «ቋጥኝ» ይባላል። ተኮላሽቶ የደለበ በሬ «ሰንጋ»፣ እንዲሁ ተኮላሽቶ የደለበ በግ ወይም ፍየል «ሙክት» ነው። ቅቤ ሻጭ ዘንድ ሄዶ «ጥሩ ቅቤ» የሚል ገዢ «ለጋ ነው? መካከለኛ? በሳል?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። እህል በረንዳ «ጥሩ ጤፍ» ላለ ሰውም «ማኛ፣ ነጭ፣ ሠርገኛ፣ ቀይ» የሚል ምርጫ ይቀርብለታል። እነዚህ ቃላት አንድን ቅጽል ከማስቀረታቸውም በላይ ጸሐፊው ነገሩን በቅርብ እንደሚያውቀው ለአንባቢው ይመሰክራሉ።

ስሙን ሲለውጡ ግን መረጃውንም እየለወጡ መሆኑን ልብ ይበሉ። ማንኛውም ግዙፍ በሬ ሰንጋ አይደለም፤ ያልተኮላሸውን ኮርማ «ሰንጋ» ብሎ የጻፈን ሰው ገበሬ ያነበበው እንደሆነ የቀረውን ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል። በውጭ አገር ላደጉ አንባቢዎችም የሚጽፉ ከሆነ፣ «ማኛ» ከጤፍ ዓይነቶች ምርጡ መሆኑን በአጭር ሐረግ መጠቆም ቃሉን ከመተው ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ከስሙ ጋር የሚሄደውን ቅጽል ይምረጡ

ተስማሚ ስም ካልተገኘ ተራው የቅጽሉ ነው። እዚህ ላይ በዳርቻው የጻፉትን መልስ ይዘው ይፈልጉ፤ መዝገበ ቃላቱንም አሁን ይክፈቱት።

«ጥሩ» ለመሬት ሲሆን «ለም»፣ ለቢላ «ስለታም»፣ ለዋጋ «ተመጣጣኝ»፣ ለእንጀራ «ዐይናማ»፣ ለምክር «የሚበጅ» ይሆናል። ለሰው ሲሆን ምርጫው ይበዛል፤ «ደግ» ለሌላው የሚያዝን፣ «ለጋስ» እጁ የሚፈታ፣ «ቅን» ተንኮል የሌለበት፣ «ጨዋ» አነጋገሩና አኗኗሩ የታረመ፣ «ታማኝ» አደራ የማይበላ፣ «ትጉህ» ሥራ የማይሰለች ነው። ለጋስ ሆኖ ታማኝ ያልሆነ፣ ትጉህ ሆኖ ቅን ያልሆነ ሰው ስላለ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፉ ይህ ልዩነት የእንጀራ ጉዳይ ይሆናል፤ ለገንዘብ ያዥነት ያመለከተን ሰው «ጥሩ ሠራተኛ ነው» ብሎ የሚያልፍ ደብዳቤ ቀጣሪው ሊያውቅ የፈለገውን ብቸኛ ነገር ሳይነግረው ቀርቷል።

«ትልቅ»ን ለመተካት መጀመሪያ መጠኑ በየት በኩል እንደሆነ ይለዩ። አዳራሽ «ሰፊ»፣ ግንድ «ደንዳና»፣ ፋብሪካ «ግዙፍ» ይሆናል። በሐሳብ የሚለካ ከሆነ ደግሞ ልዩነት «ጉልህ»፣ መንግሥት «ገናና»፣ ጋዜጠኛ ወይም ተቋም «አንጋፋ»፣ ጉዳይ «አንገብጋቢ» ነው። «ታላቅ» እና «ትልቅ» በተለይ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ «ትልቅ ሰው» በዕለት ንግግር በዕድሜ የበሰለውን፣ «ታላቅ ሰው» በሥራው የከበረውን ሲያመለክት፣ «ታላቅ ወንድም» ግን የልደት ቅደም ተከተልን ብቻ ይናገራል።

«ቆንጆ» በአካል ላይ ሲውል እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቃል አለው፤ አፍንጫ «ሰልካካ»፣ ፀጉር «ዞማ»፣ ቁመና «ሎጋ»፣ ፊት «ደም ግቡ» ይባላል፤ «ሰልካካ ፀጉር» የሚል አማርኛ የለም። ድምፅ «ስርቅርቅ»፣ ዜማ «ጥዑም»፣ መስክ «ለምለም» ነው።

«ከባድ» ደግሞ አብሮት በሚመጣው ስም ምክንያት ብዙ የተጣመሩ አባባሎችን ያስገኛል፦ ጽኑ ሕመም፣ መራር ሐዘን፣ የከረረ ጠብ፣ የጦፈ ክርክር፣ የሰላ ትችት፣ ሥር የሰደደ ድህነት፣ ድቅድቅ ጨለማ። ጥንዶቹ የቆዩ ስለሆኑ ማፋታት አይቻልም፤ «ድቅድቅ ጠብ» ወይም «የጦፈ ሐዘን» ቢሉ አንባቢው ይስቃል። «መጥፎ»ንም በዚሁ መንገድ ይመርምሩ። «ውሃው መጥፎ ሽታ አለው» ብሎ አቤቱታ የጻፈ ነዋሪ ለጠጋኙ የሰጠው ፍንጭ የለም፤ «ይከረፋል» ቢል ቆሻሻ መቀላቀሉን፣ «ይሰነፍጣል» ቢል ኬሚካል መብዛቱን እንዲጠረጥር ይረዳዋል።

ደረጃ 5፦ ቃሉ ያመሰግናል ወይስ ይነቅፋል?

ተቀራራቢ ፍቺ ያላቸው ቃላት ፍርዳቸው የተራራቀ ሊሆን ይችላል። ያው ሥጋ ያልበዛበት ሰው በወዳጁ አፍ «ሸንቃጣ»፣ በሚዛን ፊት «ቀጭን»፣ በሚሳሳለት ሰው ዘንድ «ከሲታ» ነው። ገንዘብ የማያባክን ሰው «ቆጣቢ»፣ «ቋጣሪ»፣ «ስስታም» እያለ እስከ «ንፉግ» ይወርዳል። «ብልህ»፣ «ብልጥ» እና «ጮሌ»ም እንዲሁ ናቸው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ይህን ቃል ባለቤቱ ፊት ቢናገሩት ምን ይላል? ለማመስገን ያሰቡት ቃል ባለቤቱን የሚያስቆጣ ከሆነ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይውጡ። የዜና ጸሐፊ ከሆኑ ግን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መካከለኛውን ይያዙ።

ደረጃ 6፦ የቃሉን መንደርና ማዕረግ ያረጋግጡ

«ሸጋ» በገጠሩ ጨዋታና በዘፈን ያምርበታል፤ በዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ ግን እንግዳ ነው። «አሪፍ» እና «ቀሽም» የከተማ ወጣት ንግግር ሲሆኑ በባለታሪክ አፍ ካልሆነ በቀር ከመደበኛ ጽሑፍ ይወጣሉ። ከግእዝ የመጡትም ወሰን አላቸው፤ «ዐቢይ ኮሚቴ» እና «ንዑስ ኮሚቴ» ሁሉም የሚያውቃቸው ናቸው፣ «ንዑስ ዳቦ» ግን ቀልድ ነው።

ደረጃ 7፦ «በጣም»ን ያውጡት

መጀመሪያ ዝም ብለው ይሰርዙትና ዓረፍተ ነገሩን ያንብቡ፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድል ነገር የለም። ከጎደለ፣ መጠኑን በራሱ የሚሸከም ቃል ይፈልጉ፤ «በጣም ትኩስ ውሃ» «የፈላ ውሃ»፣ «በጣም ጸጥ ያለ መንገድ» «ጭር ያለ መንገድ»፣ «በጣም እርጥብ ልብስ» «የራሰ ልብስ» ይሆናል።

ወደ ታች መቀነስ ሲፈልጉ ደግሞ «ትንሽ» የሚል ተጨማሪ አያስፈልግዎትም። «ዘለግ ያለ»፣ «ጠቆር ያለ»፣ «ወፈር ያለ»፣ «ሞቅ ያለ» የሚሉት አባባሎች ልኩን ያውቁታል፤ ዘለግ ያለ ሰው ከረጅም ሰው ጥቂት ያንሳል። «በጣም ዘለግ ያለ» ብሎ የሚጽፍ ሰው በአንድ እጁ ቀንሶ በሌላው እየጨመረ ስለሆነ ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ።

ደረጃ 8፦ ቅጽል የግድ ካልሆነ በግስ ወይም በመረጃ ይተኩት

«ነው» የሚያሳርገው ዓረፍተ ነገር ሲበዛ ጽሑፉ ይቆማል። «ምግቡ ጥሩ ነው» ከማለት «ይጣፍጣል»፣ «ጫማው ጥሩ ነው» ከማለት «ይመቻል»፣ «መንገዱ መጥፎ ነው» ከማለት «በክረምት መኪና አያሳልፍም» ማለት ይቻላል። የመጨረሻው ምሳሌ በተለይ ለተጓዥ ይጠቅማል፤ በበጋ ለሚሄደው ሰው መንገዱ እንደማያስቸግረው በተዘዋዋሪ ይነግረዋልና።

የሚለካ ነገር ከሆነ ይለኩት። «ከሮም የተመለሰው የአክሱም ሐውልት በጣም ትልቅ ነው» የሚለውን «በ1997 ዓ.ም. ከሮም የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተጠረበ ሲሆን ቁመቱ 24 ሜትር ገደማ ነው» ብለው ቢጽፉት፣ ትልቅነቱን አንባቢው ራሱ ይፈርዳል። እዚያው ወድቆ የተሰባበረው 33 ሜትር ገደማ እንደሆነ ከጨመሩለት ደግሞ ማነጻጸሪያም አገኘ። ቁጥር ከመጻፍዎ በፊት ግን ማረጋገጥ ግዴታ ነው፤ የተሳሳተ ቁጥር ከ«ትልቅ» የባሰ ነው።

አንድ አንቀጽ ከላይ እስከ ታች

ረቂቁ እንዲህ ነበር እንበል፦

«ቅዳሜ ወደ ትልቅ ገበያ ሄድን። በጣም ብዙ ሰው ነበር። እናቴ ጥሩ ቅቤና ጥሩ ጤፍ ገዛች። አባቴ አንድ ትልቅ በሬ ወደደና ከነጋዴው ጋር ትልቅ ክርክር ያዘ። ወደ ማታ ከባድ ዝናብ መጣ።»

ከታረመ በኋላ፦

«ቅዳሜ ገበያ ወጣን። ገበያው ደርቶ መተላለፊያ ጠፍቶ ነበር። እናቴ ለጋ ቅቤና ማኛ ጤፍ ገዛች። አባቴ አንድ ቀይ ሰንጋ ዐይኑ ስለገባ ከነጋዴው ጋር በዋጋ ሲከራከር ዋለ። ወደ ማታ ዶፍ ወረደ።»

ሦስቱም «ትልቅ» የወጡት በተለያየ መንገድ ነው፤ የገበያው «ደርቶ» በሚል ግስ፣ የበሬው «ሰንጋ» በሚል ስም፣ የክርክሩ «ዋለ» በሚል የጊዜ ርዝመት ተተክቷል። «የጦፈ ክርክር» ማለትም ይቻል ነበር፤ ሆኖም ያ አባባል ለአዳራሽ ሙግት የሚቀርብ ስለሆነ ለበሬ ዋጋ የበዛ መስሎኛል። «ቀይ» የሚለው ጭማሪ እንደሆነም ልብ ይበሉ። ቀለሙን የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው፤ ከየትኛውም ዝርዝር አይገኝም።

ደረጃ 9፦ ጮክ ብሎ ያስነብቡት

ሌላ ሰው ጽሑፉን ሲያነብ እርስዎ ያዳምጡ። አንባቢው የተደናቀፈበትን ወይም ድምፁን የለወጠበትን ቃል ያስምሩ፤ ብዙውን ጊዜ ቃሉ ከአካባቢው አልተስማማም ማለት ነው። እንዲህ ከሆኑት ውስጥ አንዳንዶቹን ወደ «ጥሩ» መመለስ ይኖርብዎታል፤ ይህ የተለመደ ነው። «ጥሩ ቀን ይሁንልዎ» የሚለውን ማንም በሌላ እንዲተካው አይፈለግም። ያለፉትን ቃላት ከነስማቸው («ሰልካካ አፍንጫ» እንጂ «ሰልካካ» ብቻ አይደለም) በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ያስፍሩ፤ ቃሉ ያለ ጥንዱ ከተጻፈ በሌላ ቀን ያለ ቦታው ይውላል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

• መደራረብ፦ «ውብ፣ ማራኪና አስደናቂ ሥፍራ»። ሦስቱም አንድ ነገር ስለሚናገሩ አንዱ ሌላውን ያደክመዋል። አንዱን ይያዙ፤ ከተቻለም ሥፍራው ምን እንዳለው ይናገሩ።
• አንዱን ልማድ በሌላ መለወጥ፦ በመሥሪያ ቤት ጽሑፍ «ከፍተኛ» እና «አመርቂ» ከመለመዳቸው የተነሣ አዲሶቹ «ትልቅ» እና «ጥሩ» ሆነዋል። «አመርቂ ውጤት ተገኝቷል» የሚል ሪፖርት ሲያጋጥምዎ «በምኑ?» የሚለው ጥያቄ እዚህም ይሠራል።
• መጠን ላይ መጠን መጨመር፦ «በጣም ግዙፍ»፣ «እጅግ በጣም ድቅድቅ»። ቃሉ ሞልቶ ሳለ የሚጨመርበት ሁሉ ይፈሳል።
• ሁለት መልክ ያለውን ፊደል ማደባለቅ፦ በአንድ ገጽ «ጽኑ»፣ በሌላው «ፅኑ» ብሎ መጻፍ። አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው ይዝለቁበት፤ በኋላ በመፈለጊያ ሳጥን ሲያርሙም ግማሹ አያመልጥዎትም።
• የተሳቢውን ወይም የአመልካቹን ምዕላድ (በቃሉ መጨረሻ የሚጨመረውን ቅጥያ) መርሳት፦ «ትልቁን አዳራሽ» ወደ «ሰፊ» ሲለውጡ «ሰፊውን አዳራሽ» ይሆናል። ቃሉ በተነባቢ ሲያልቅና በአናባቢ ሲያልቅ ቅጥያው ስለሚለያይ፣ የተቸኮለበት እርማት «ሰፊን አዳራሽ» የሚል ቅሪት ይተዋል።
• ብዙ ቁጥርንና ጾታን መዘንጋት፦ «ትላልቅ ዛፎች» የሚለውን ቢለውጡ «ረጃጅም ዛፎች» ማለት ይቀናል። ከግእዝ የተወረሱት ደግሞ አንዳንዶቹ በጾታ ይለያሉ፤ «ክቡር» ለሴት «ክብርት»፣ «ቅዱስ» «ቅድስት» ይሆናል፤ የጥሪ ደብዳቤ ከመታተሙ በፊት ስሞቹን ከነማዕረጋቸው አንድ በአንድ ያመሳክሩ።